እማዬ ያጠፋችው እሳት

ይድረስ ለእህቴ ለፈትለወርቅ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? ባልሽ ሂርጳስ፣ ትንሿ ልጅሽ ሶሬቲስ ደህና ናቸው? የጅንካ ሙቀትስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኛ እዚህ መሪ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እግዜር ይመስገን አለን። በስልክ ሳወራ የአየር ትንበያ የማነብ እንደምመስል ስለነገርሽኝ፣ ይህን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ከሳተላይት በመጣ ምስል ላይ ደኑን፣ እርሻውን፣ ቤቱን፣ ባዶውን መሬት እለያለሁ። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን አንድ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ እኛም እንዲታየን በቀይ እንተካዋለን። ስለዚህ ደን ሁሉ ቀይ ነው። ቢሮ ውስጥ ይህ ማንንም አይገርምም።

እማዬን ግን ገረማት። ዓምና፣ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ የነበረውን ግቢያችንን ከሰማይ አሳየኝ ስትለኝ ላፕቶፑን ከፈትኩላት። ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ የቀረን አባባ የተከለው ባሕር ዛፍ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሱን እንደ ፍም ቀልቶ ስታየው፣ ወይኔ ተቃጠለ ብላ ጮኸች። ቀዩ ማለት አረንጓዴው ነው አልኳት። አንተ ልጅ፣ ያስተማርንህ ይኼን ነው ወይ አለችኝና፣ እሳቱን ቢያጠፋልኝ ለእንጦጦ ራጉኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች።

ባለፈው ወር አዲስ ምስል መጣ። አንዱን ቦታ «ባዶ መሬት» ብዬ መድቤ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነው ግቢያችን መሆኑን ያስተዋልኩት። አላለቀስኩም። ምደባው ትክክል ነበር። ማታ እማዬ ላፕቶፑ ላይ ቀዩ መጥፋቱን አይታ እልል አለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸዋረጋም ምኑንም ሳትጠይቅ አብራ እልል አለች። እኔ ዛፉ መቆረጡን ሳልነግራት ላፕቶፑን ዘጋሁት።

በራጉኤል ዕለት ስለቷን ልታገባ በታክሲ ይዣት ወጣሁ። በግቢያችን በኩል ካላለፍን ብላ ሹፌሩን አስቆመችው። ግንድ የለም፣ ጉቶ የለም፤ በዶዘር የተደለደለ ግራጫ አፈር ነው። ጃንጥላውን እንደታቀፈች ብዙ አየችው። እሳት ቢሆን እኮ ጉቶው ያቆጠቁጥ ነበር አለች። ቀጥላም ሹፌሩን፣ ንዳው ልጄ፣ ስለት ስለት ነው አለችው። ጃንጥላው ገባ። ለምን ደበቅከኝ ብላ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

ትናንት የአንቺን ግቢ ከሰማይ ፈልጌ አሳየኋት። ማንጎው ቀይ በቀይ ነው። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ አየችውና፣ ተመስገን፣ ይንደድላት አለች።

ሂርጳን ሰላም በይልኝ፤ ሶሬቲን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ጉልበትሽን በቅባት እንድታሺው ብላሻለች፤ ወይዘሮ ሸዋረጋም ሰላም ትልሻለች። ማንጎውን ውኃ አታስጠሚው።

ወንድምሽ ነአምን
መሪ፣ አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.