ለቀኝ ጆሮዬ የተጨበጨበለት ዕለት

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

እንደወትሮው ጥጌን ይዤ ዋልኩ። ግድግዳው ሥር ያለችውን ወንበር ማንም አይፈልጋትም፤ አየር የላት፣ መስኮት የላት። እኔ ግን ሞቼ ነው የምለቃት። በቀኜ ግድግዳ ካለ በዚያ በኩል ማን ያናግረኛል? ማዳመጫውን ግራ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፣ “ምን ልታዘዝ?” እላለሁ፣ ቀኑ ያልፋል።

ቀኝ ጆሮዬ ድርግም ካለ ቆየ። እማዬ እንኳን አታውቅም። ብታውቅ ሌት ተቀን ስታለቅስ ልትኖር ነው። ደግሞስ ጥሪ ማዕከል ተቀምጦ ጆሮ የለኝም ይባላል?

ነገ አዳራሽ ተከራይተውልናል አሉ። አነቃቂ ተናጋሪ መጥቶ ሊያነቃን ነው። ተኝተን ነበር እንዴ?

ጥቅምት 7

ጉድ ሠራሁ።

ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ነጭ ጫማውን አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ እንባዬ መጣ። “የሚያደክማችሁ ሥራው አይደለም፣ የደበቃችሁት ነገር ነው! እዚህ ያለነው ቤተሰብ ነን! ዛሬ ሸክሙን የሚያወርድ ማነው?” አለ። አለቃችን ዞር ዞር እያለ ያየናል። አጠገቤ ያለችው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጥፍሯን ታያለች።

ምን እንደነካኝ እንጃ... ብድግ አልኩ። “ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም” አልኩ። በማይክ!

አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። አለቃችን መጥቶ አቀፈኝ። “እህቴ፣ ኮራሁብሽ!” ቀልሎኝ፣ ልበር ምንም አልቀረኝ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም።

ጥቅምት 12

ከመሥሪያ ቤት ለጆሮ ምርመራ ላኩኝ። “ለራስሽ ብለን ነው” አሉ። አሳሰብኳቸው ብዬ ደስ አለኝ... ቂል!

ጥቅምት 21

አለቃ ቢሮው ጠራኝ። ዛሬ ማቀፍ የለም። “እህቴ፣ ደንበኛ ቅሬታ ቢያቀርብስ?”

“እስከዛሬ ማን አቀረበብኝ?”

“እስከዛሬማ አናውቅም ነበር።”

እንዲህ ብሎ እርፍ! ሳላውቀው ሳቄ መጣ። ዕቃዬን ስሰበስብ ያ ሁሉ ያጨበጨበ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ብቻ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። አንድ ነገር አለችኝ፣ በቀኜ በኩል ሆና። አልሰማኋት። ድገሚልኝ ማለት አሳፈረኝ።

ለእማዬ “ሠራተኛ ቀነሱ” አልኳት። “ምነው ያን ሁሉ ሰው ትተው አንቺን?” አለች።

ኅዳር 2

ሥራ የለም።

ኅዳር 9

ባለ ነጭ ጫማው ተናጋሪ ደወለልኝ። ቁጥሬን ከየት አገኘው?

“ታሪክሽ ስንቱን እያስለቀሰ መሰለሽ!”

“እንዴት ነው የሚያልቀው?” አልኩት።

“ምኑ?”

“ታሪኬ ነዋ። እኔ እኮ ተባረርኩ።”

“አይዞሽ፣ ለበጎ ነው” አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ስንቱ ደንበኛ ሲሰድበኝ ሲያመናጭቀኝ ኖሯል፣ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ደስ አለኝ።

ኅዳር 17

ከምሳ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይዞ መጣ። “እማዬ፣ ይሄን ሰውዬ ስሚው፣ ያስለቅሳል!”

እሱው ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ አዳራሽ። “አንዲት እህታችን ነበረች። ስልክ ተቀባይ ናት፣ አንድ ጆሮዋ አይሰማም። በሰው ፊት ቆማ እውነቷን ተናገረች! ዛሬ የት ደረሰች? የዚያው ክፍል ኃላፊ ናት!” ጭብጨባው ቤቱን ሞላው።

ኃላፊ! ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እማዬን አየኋት፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። “እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“አየሽ? ያንቺው ሙያ ናት። ጆሮ የሌላት ልጅ በድፍረቷ ኃላፊ ሆነች፤ አንቺ ሁለት ጆሮ ይዘሽ ከቤት ዋልሽ። ምናለ እሷን ብትሆኚልኝ?”

“እውነትሽን ነው፣ እማዬ” አልኳት።