በኮባ የተጠቀለለው ቢላዋ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለፈቃዱ ሀብተጊዮርጊስ፤ ጁባ።

ወንድምዬ፣ እንደምን ከረምክ? የጁባ ሙቀት ለቀቅ አደረገህ ወይስ እንደያዘህ ነው? የውኃ በርሜል ስታወርድ ተያዘብኝ ያልከኝ ወገብህስ እንዴት ሆነ? ተሻለህ ወይስ እኛን ላለማስጨነቅ ዝም አልክ? ባለቤትህ ሕይወትስ እንደምን ናት? ትንሿ ልጃችሁ መሄድ ጀመረች? ፎቶዋን ለእማዬ ሳሳያት ስልኩን ስማ ስማ መስታወቱን በምራቅ አጠበችልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ላልፍ ነበር፤ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ። በአካል ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ደም ግፊቱ አንዳንዴ ይነሳባታል እንጂ ከጓዳ ወደ ደጅ ማለቷን አልተወችም። ደህና ያልሆነው ታናሻችን ቴዎድሮስ ነው። ታሟል ማለቴ አይደለም፣ እንዳትደነግጥ። ታስሯል።

በደወልክ ቁጥር ቴዲን አገናኚኝ ስትለኝ፣ ገበያ ወጥቷል፣ ተኝቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል እያልኩ ስሸነግልህ የከረምኩት ለዚህ ነው። ስልኩ አልተበላሸም፤ ፖሊሶቹ ዘንድ ነው። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር እያዩ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቁም ነገር ማውራት ፈራሁ። ምን የሚያስፈራ ወሬ አለሽ ብትለኝ የለኝም፤ ግን ፈራሁ። ስለዚህ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የጋሽ ናጃህ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ወደ እናንተ ሲመለስ ይዞልኝ እንዲሄድ ብዬ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ያለሁት ቡታጅራ እማዬ ቤት ነው። ወልቂጤ ያለውን የልብስ ስፌት ቤቴን ዘግቼ፣ ሩቲን ከአባቷ ከዳዊት ጋር ትቼ መጥቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ጋሽ ናጃህ ቆስለው ነበር ብዬህ አልፌው ነበር፤ እንዴት እንደቆሰሉ ግን በደንብ አልነገርኩህም። አምና ጨርቅ ሊያመጡ በአውቶቡስ ሲሄዱ ነው። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ቲኬት ቆርጠው የገቡ ሰዎች መንገድ መሀል ሲደርሱ ከሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ቢላዋ እየመዘዙ ተነሱ። የሰውን ሁሉ ኪስ አራገፉ። ጋሽ ናጃህ ከጎናቸው የነበረችውን እርጉዝ አትንኳት ቢሉ ትከሻቸውን ወጓቸው። ተርፈዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከደረታቸው በላይ አይነሳም። ያ እኔን መቀስ አያያዝ ያስተማረኝ እጅ ዛሬ ጨርቅ መለካት አልቻለም። አባባ በወዳጃቸው ምን ያህል እንደተቃጠሉ መገመት አያቅትህም። የከተማው ሰው ስለ መንገድ ደህንነት ስብሰባ ሲጠራ አባባ ፊት ተቀምጠው ነበር። ተነስተው፣ ጫማችንን አስወልቀው ይፈትሹን፣ የሚደበቅ ነገር የያዘ ብቻ ነው ፍተሻ የሚጠላው አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዛሬ ቢሆን አጨበጭብ ነበር አልልህም፣ አላጨበጭብም ነበርም አልልህም።

ፍተሻው ጠበቀ። መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነበር፤ በትህትና ያስወርዱናል፣ ሻንጣ ያያሉ፣ መልካም መንገድ ብለው ይሸኙናል። ከዚያ የቦርሳ ገበር መቅደድ መጣ። አንድ ደንበኛዬ የተቀደደ ቦርሳዋን አምጥታ ስትሰጠኝ፣ ስፌቱን በምላጭ ቢፈቱት ምን ነበረበት፣ እንዲህ ይቦጨቃል ወይ ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ ስልክ ማየት መጣ። አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር የተጻጻፈችውን እየጮኹ ሲያነቡባት በነጠላዋ ተሸፈነች። እኛ ሁላችን ወደ መስኮቱ ዞርን። ጨክነን አይደለም፤ የጋሽ ናጃህ ትከሻ በዓይናችን ላይ ነው።

አሁን ወደ ቢላዋው ልምጣ። ታውቀዋለህ፤ ቀንድ እጀታ ያለው፣ ከመስቀል በሬ በቀር ሌላ ነገር የማይነካው፣ ልጆች ሆነን እንኳን ልንነካው ወደ ተሰቀለበት ስናይ አባባ የሚቆጡን። ዘንድሮ እጀታው ላላ። አባባ ደግሞ እንደምታውቃቸው ከጉንችሬው ቀጥቃጭ በቀር ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። እናም ለበዓሉ ይድረስ ብለው ከቴዎድሮስ ጋር ወልቂጤ እኔ ጋ መጡ፣ አደሩ፣ ጉንችሬ ወርደው አሠርተው ተመለሱ። እዚያ ያለችው አክስታችንም በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አስይዛቸው ነበር። እኔም ለመስቀሉ ዝግጅት እማዬን ላግዛት ብዬ አብሬያቸው ወደ ቡታጅራ ለመሄድ ተነሳሁ።

ጠዋት ልንወጣ ስንል አባባ የቆጮውን ኮባ ገልጠው ቢላዋውን መሀሉ አስተኙት። ትዝ ይልህ የለ፣ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስንገባ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ስለት ገልጦ ከሰው ጋር መንገድ መሄድ ነውር ነው፣ አብሮህ የተቀመጠ ሰው ልቡ ይደነግጣል ይሉን ነበር። እኔም ልማዳችን ነውና ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ኮባውን መልሼ ጥብቅ አድርጌ በሲባጎ ያሰርኩት እኔው ነኝ። የሽንኩርቱ ጆንያ ከሦስታችን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እንዴት ትዝ ይለናል? ያ የወንበዴ ነው፣ ይሄ የአባባ ነው።

ኬላው ላይ ስንደርስ ወረድን። የከተማዋን ስም ባልጽፈው ይሻለኛል፣ አንተ ታውቃታለህ። ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በአንድ ወገን ተሰለፍን። ዕቃ የምትፈትሸው ወጣት ሴት ናት፤ በቀጭን ብረት ጥቅሉን ሁሉ ወጋ ወጋ ታደርጋለች። እኛ ጋ ስትደርስ ብረቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። የገዛ ስፌቴን የማውቀውን ያህል ያን ድምፅ አወቅሁት። ሲባጎውን በጠሰችው፣ ኮባውን ገለጠችው። የተሳለው ቢላዋ በፀሐይ አብለጨለጨ፤ ሰውም አባባ እንደፈሩት በእርግጥ ደነገጠ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

የማን ነው ተባለ። ቴዎድሮስ አባባን ቀድሞ የእኔ ነው አለ። አባባ ደግሞ ውሸት ከአፋቸው አይወጣም፣ አይ ልጄ፣ የእኔ ነው አሉ። አንድ ቢላዋ ሁለት ባለቤት ሲያገኝ የፈታሾቹ አለቃ የምንቀልድበት መሰለው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። አባባ ለመስቀል መሆኑን፣ እጀታውን ማሠራታቸውን ቀስ ብለው አስረዱት። መጥፎ ሰው አልነበረም ፈቃዱ፤ አባቴ እያለ ነበር የሚያናግራቸው። ለበዓል ከሆነ ከላይ አድርገው ይህን ይዣለሁ ቢሉን ኖሮ ለሾፌሩ አስረክበን ሲደርሱ ይሰጥዎ ነበር፣ ለምን ደበቁት አላቸው። አባባ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው አሉት። እሱም፣ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ የደበቁትም እኮ ሰው እንዳይደነግጥ ብለው ነው አላቸው።

ከዚያ የቴዎድሮስን ስልክ ከፈቱት። ልጁ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ጽሑፍና አበባ እየሣለ እንደሚኖር ታውቃለህ። ያየውን አውቶቡስ ሁሉ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ ያነሳል፤ ቀለም ለማወዳደር ነው። ስልኩ ከዳር እስከ ዳር አውቶቡስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አለቃው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ሲሄድ እኔ እንኳ በእሱ ዓይን ሳየው አስፈራኝ። ሾፌሩ ሊያግዘን ብሎ፣ የዚህን አውቶቡስ የኋላ ጽጌረዳ የሣለው እኮ እሱ ነው አለ። ምነው ባላለ፤ እንግዲያው መኪናውን ውስጥ ለውስጥ ያውቀዋል ማለት ነው ተባለ። ሽማግሌውን ልቀቁ፣ ልጁ ይቆይ አሉ። ቴዎድሮስ ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ ፀሐይዬ ቆጮው ፀሐይ እንዳይመታው አለኝ። አስበው፣ በዚያች ሰዓት!

ከዚያ ወዲህ ያልሄድንበት የለም። ጠበቃ አናገርን፣ ታገሱ አለን። የቀበሌውን ሊቀመንበር ወሰድን፣ ደህና ልጅ ነው ብለው መሰከሩ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምርመራው አላለቀም ተብሎ ከመስቀል በኋላ ተቀጠረ። ቢላዋውም ኤግዚቢት ነው ተብሎ ተያዘ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም፣ ምግብ ስንወስድለት ይቀበሉናል። የምወቅሰው ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ሁሉም ሥራዬ ነው ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ልጁ ግን ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ናጃህ እኔ አስፈታዋለሁ ብለው ተነሱ። አባባን ይዘው ጣቢያ ገቡ፣ እኔም ተከተልኩ። አሰላሙ አለይኩም ብለው ሸሚዛቸውን ከትከሻቸው ላይ ገለጥ አድርገው ጠባሳቸውን ለኃላፊው አሳዩት። በአውቶቡስ ውስጥ በቢላዋ የተወጋሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ ይህ ቢላዋ የዚያ ዓይነት አይደለም፣ ስንት መስቀል ጎረቤት ሆኜ ሥጋው በዚህ ሲከፋፈል አይቻለሁ፣ ለልጁ እኔ ዋስ ልሁን አሉ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ እሳቸውን አስቀመጣቸው። ከልቡ አክብሯቸዋል። ከዚያ ግን፣ አባቴ፣ ከሰው ሁሉ እርስዎ ሊረዱን ይገባል፣ በእርስዎ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው እንዳይደርስ ብለን ነው አላቸው። ጋሽ ናጃህ በግራ እጃቸው ሸሚዛቸውን መልሰው ወጡ። ውጭ አጥሩ ሥር ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ያ አላህ፣ በእኔ ቁስል ነው ልጁን ያሰሩት ይላሉ። አባባ አጠገባቸው ቁጭ ብለው የማይነሳውን እጃቸውን ያዙ።

አባባ እንደ ድሮው አይደሉም። ሲወጡ ኪሳቸውን ባዶ አድርገው ነው የሚወጡት፤ መነጽራቸውን እንኳ ትተው ይሄዳሉ። ትናንት፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ አሁንም ቢጠይቁኝ ፈትሹን እላለሁ፣ ግን ሲፈትሹን የሚያዩን መስሎኝ ነበር አሉ። ወደ ጓዳ ገባሁ። ዘንድሮ ቤታችን አይታረድም ብለዋል። እማዬ በሌላ ቢላዋ እንረድ ብትላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። እማዬ ግን የቴዎድሮስን ድርሻ ቅቤ ለብቻ አስቀምጣ ታየዋለች።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ለቴዲ ምግብ ልወስድ አውቶቡስ ስሳፈር እንደተለመደው ፈተሹን። ፈታሿ ሳትጠይቀኝ ሳህኑን ከፈትኩላት፣ ቦርሳዬን ገለበጥኩላት፣ ሻሼን ፈታሁላት። ከዚያ ተሳፍረን መኪናው ሲንቀሳቀስ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጋሽ ናጃህ ከተወጉ ወዲህ መንገድ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም ነበር። ሁሉም ተፈትሿል ብሎ ልቤ አረፈ መሰለኝ። ስነቃ ደርሰናል፤ የወንድሜ ምግብ ጭኔ ላይ ነው። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ወንድሜን የወሰደው ነገር ነው ያስተኛኝ። ይሄን ምን ትለዋለህ? እኔ የምለው ጠፍቶኛል።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለህ ነበር። ና ልበልህ? እማዬ ያንን ብትሰማ ትድናለች። ቅር ልበልህ? ስልክህ ውስጥ የውኃ መኪናህ ፎቶ ብቻ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱ ራሱ ያስፈራኛል። አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ወስን እንዳልልህ ሩቅ ነህ። እጅ አጥሮናል ወንድምዬ። ጸልዩልን ብቻ።

ለሕይወት ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ክር ደርሶኛል፣ ቀለሙ አይለቅም በልልኝ። ትንሿን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። አባባ ይመርቁሃል። እማዬ ወገብህን በትኩስ ውኃ አድርግ ትልሃለች። ዳዊትና ሩቲ ይስሙሃል። ጋሽ ናጃህና ባለቤታቸው ሃሊማ ሰላም ብለውሃል፤ ስለ ቴዲ ይቅር ይበለን በዪልን ብለውኛል፣ ምን አጥፍተው እንደሆነ እንጃ። ቴዎድሮስም በፍርግርጉ በኩል፣ ለፈቄ ደህና ነው በዪው ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻም ይህን ደብዳቤ ከወንድሜ በፊት ከፍተህ ለምታነበው ፈታሽ፣ ወንድምም ሁን እህት፣ እንደምን ዋልክ። ይዞት የመጣው ልጅ አባቱ አውቶቡስ ውስጥ የተወጉት ሰው ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፣ ለወንድሜ ለመስቀሉ ነው። በየዓመቱ እንዳይፈስ አፉን እሰፋው ነበር፤ ዘንድሮ እንዳትቸገር ብዬ በገመድ ብቻ፣ ላላ አድርጌ አሰርኩት። አይተህ ስትጨርስ አፉን መልሰህ እሰርልን፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

እህትህ ፀሐይ ሀብተጊዮርጊስ
ቡታጅራ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.