የእናቴ ማድቤት ቅርስ የሆነበት ጉዳይ

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የጣሪያዎን አለማፍሰስና የእግርዎን መድረቅ አጥብቄ እመኛለሁ። እኛ እግራችን ውሃ ውስጥ ከመሆኑ በቀር ደህና ነን። እኔ ከመካከለኛው ዘመን ገዳም ፍርስራሽ ሥር፣ በእናቴ ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ውለታዎን በዝምታ ማለፍ ነውር መስሎ ስለታየኝ በአደባባይ ላመስግንዎ ተነሣሁ።

፩. መነኮሳቱ የዝናቡን ውሃ ከግቢው ወደ ወንዝ የሚወስድ የድንጋይ ቦይ ሠርተው ነበር። ገዳሙ ሲፈርስ እንኳ ቦዩ አልፈረሰም። እርስዎ ግን ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ብለው በሲሚንቶ ደፈኑት። ቅርስ ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው! መነኮሳቱ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህን ኋላ ቀር እምነት ስላስጣሉን እናመሰግናለን።

፪. መሄጃ ያጣው ውሃ ወደ እኛ ዞረ። አቤት ልል ደጅዎን ብጠና፣ ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ትለኛለች። ስብሰባው ሳይበተን የእናቴ ማድቤት ግድግዳ ፈረሰ።

፫. ያኔ ባለሙያዎ እየበረረ መጣ። ፍርስራሹን ለካ፣ ፎቶ አነሣ፣ የመነኮሳቱ ምግብ ማብሰያ ነው ብሎ በገመድ ከለለው፤ ድንጋይ መንካት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳም ተከለበት። እናቴ ይህን ግድግዳ ከባሏ ጋር ጭቃ አቡክታ ያቆመችው ራሷ መሆኗን ብትነግረው፣ እማማ ተሳስተዋል አላት። በጣቱ ዳብሶ ጥንታዊ ያለው ጥቀርሻ እኮ እኔ ባለፈው ሳምንት እራት ሳሳርር የጠቆረ ነው! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኸው ነው።

ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። ግድግዳውን መልሰን ካልሠራን ቀጥሎ የሚወርደው እናቴ የምትተኛበት ክፍል ነው፤ እንሥራ ስንል ደግሞ ቅርስ አጥፊዎች ተብለናል። ገመድዎን ያንሡልን፣ ቦዩንም ይክፈቱልን። ከአድካሚው ስብሰባዎ ስላወጣሁዎ ይቅርታ።

ከገመዱ ወዲህ ሆኜ፣ ውሃው እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የቅርስዎ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ከእኛ ቤት ቁልቁል መሆኑን ልብ ብለውታል? ውሃው እኛን ሲጨርስ የሚወርደው ወደዚያው ነው። ግድግዳዎ የፈረሰ ዕለት አደራ፣ አንድ ድንጋይ እንዳይነኩ፤ እናቴ ይህንኑ ገመድ ይዛ መጥታ ትከልልልዎታለች።