መርፌ ቁልፉን ማንም አልነካውም

ለእናቴ ወንድም፣ ለአጎቴ
ማፌቴንግ

አጎቴ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ በጎቹ፣ ያ ተናካሽ ፈረስዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ኮኩ አበበ? ሳሉስ እንዴት አደረገዎት? ስለ ሳሉ የጠየቅኩት ለወጉ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ከናፍቆትና ከአንድ ጥያቄ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህን ደብዳቤ ራስዎ ያንብቡት። እማዬ እንድታነብልዎ እንዳይሰጧት። «መነጽሬ ጠፋ» የምትለዋን ሰበብ አውቃታለሁ፤ መነጽርዎ ሬዲዮኑ ላይ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅብዎትም ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

በመጀመሪያ የሚያስቆጣዎትን ልንገርዎና ልገላገል። በአባቴ ቀብር ማግስት በገዛ እጅዎ ደረቴ ላይ ያሰሩልኝ ጥቁር ጨርቅ አሁን ደረቴ ላይ የለም። ይቆዩ፣ ይቆዩ! ወረቀቱን አይጨምድዱት! አልፈታሁትም። «ያሰረው እጅ ነው የሚፈታው፤ አንቺ የነካሽው እንደሆን ሐዘኑ አንቺው ላይ ይቀራል» ያሉኝን አልረሳሁም። መርፌ ቁልፉን ማንም አልነካውም። ግን ጨርቁ በእርሳስ ጡብ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እርስዎ መጥተው ካልፈቱት ደግሞ የሚፈታው የለም። ከእርስዎ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ይህ ወር ሳያልቅ እንዲመጡልኝ። እንቢ ከማለትዎ በፊት ነገሩን ከሥሩ ይስሙኝ።

ባለፈው ረቡዕ መምህሮቻችን ከኬፕታውን ወጣ ብሎ ወዳለ የኑክሌር ፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ወሰዱን። አሥራ አንድ ነበርን፤ ከውጭ አገር የመጣነው እኔና ቺሶሞ የሚባል የማላዊ ልጅ ብቻ ነን። ከአሥራ አንዳችን መካከል ጣቢያው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች የሚመረጡት በዚያው ሳምንት ነበር። እኔ ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ልሆን ምዬ ነው የሄድኩት። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ግራጫ ሹራቤን ደርቤ፣ ሹራቡ ላይ ጨርቁ ነበረ። ሹራቡን እንኳ የማጥበው ጨርቁ እንዳይርስ ዙሪያ ዙሪያውን ነበር።

እዚያ ቤት የሚያክል ማግኔት አለ። ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች አሽከርክሮ አሽከርክሮ ይለቃቸዋል። ወደሱ የሚያስገባው በር ላይ የምትቆመው አንቲ ሜርል ናት። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። የሚገባውን ሰው ሁሉ በእጇ በያዘችው የጨረር መለኪያ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ትዳብሰዋለች፤ ሲወጣም እንደገና ትዳብሰዋለች፤ ከውስጥ የያዘው ነገር ካለ ይታወቃላ። መለኪያው ቺሶሞ ላይ አንዴ ጢቅ፣ ቆይቶ አንዴ ጢቅ አለ። እኔ ደረት ላይ ሲደርስ ግን እሳት እንደነካው ፈንዲሻ መንጣጣት ጀመረ።

«ኧረ ቆይ ቆይ አንቺ ልጅ!» አለች አንቲ ሜርል። «ሲወጣ የሚጮህበት ሰው አውቃለሁ፤ ሳይገባ የሚጮህበት ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

ቺሶሞ ደግሞ «ልቧ ነው አንቲ፤ ካልተመረጥኩ ብላ ልትፈነዳ ነው» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅኩ። ደግማ ስትለካኝ ያው ሆነ። ስትጠጋ ይንጣጣል፣ ስትርቅ ይተዋል። የሚጮኸው ጨርቁ ነበር።

ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአባቴ ሐዘን ነው አልኳት። መለኪያውን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፤ ከልቧ ነው ያለችው። ቀጥላ ግን ቢጫ ፌስታል ዘረጋችልኝ፤ ፈትቼ እንድጨምረው፣ ከሚወገደው ጋር እንዲወገድ። «አይሆንም» አልኩ። «እንግዲያው አትገቢም» አለች። «እንግዲያው አልገባም» አልኩ። ሌሎቹ እያለፉኝ ገቡ። አጎቴ፣ ያን በር ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው ስጠብቀው የኖርኩት! ግን የአባቴን ሐዘን ቆሻሻ ውስጥ የሚጥል እጅ የለኝም።

ይህን ጊዜ የመለኪያ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ንጻባ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። የኾሳ ሰው ነው፤ በእነሱም ዘንድ ሐዘን እንዲህ ይታሰራል። አየኝና ዝግ ብሎ «የሚፈታልሽ ማነው?» አለኝ። «አጎቴ» አልኩት። «የት ነው ያለው?» «ማፌቴንግ።» ጭንቅላቱን አከከ።

ነገሩን የቆረጠችው አንቲ ሜርል ናት። «ወጋችሁ ስለ ሹራብ የሚለው ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «በይ ሹራቡን አውልቂዋ! ጨርቁ ሹራቡ ላይ እንደታሰረ ነው። ማን ፈታው? ማንም!» የማፌቴንግ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቢውሉ ከዚህ የተሻለ አይፈርዱም፤ እውነቴን ነው። ሹራቤን ከነጨርቁ፣ ከነመርፌ ቁልፉ አወለቅኩ። እሷም የራሷን ሐምራዊ ሹራብ አለበሰችኝ፤ እኔን የመሰሉ ሁለት ሴቶች የሚይዝ ነው።

ዶክተር ንጻባ «መወገዱ ይቅር፤ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ የምትለኪውም አንቺው ነሽ» አለኝ። ሹራቡን አጣጥፌ የውጭ ጨረር በማያስገባው በዚያ የእርሳስ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ውስጡ ያለው መሣሪያ ጨረሩን እያንዳንዱን ይቆጥራል፤ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ይቁጠር ተባለ። ጨረር የሚያወጣ ነገር ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፣ አጎቴ። የሰው መንጋ ውስጥ የተቀላቀለ በግዎን በጆሮው ምልክት እንደሚለዩት ማለት ነው። ፀጉሩን ቢሸልቱት፣ ቀለም ቢቀቡት፣ ጆሮው ይናገራል።

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሮቹ ሹል ሹል ብለው ወጥተዋል፤ በየሹሉ ላይ ቁጥር አለ። ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት። ስድስት መቶ ዘጠኝ። ዶክተር ንጻባ፣ አንቲ ሜርልና ቺሶሞ ከኋላዬ ቆመዋል። «አንብቢልን» አለኝ ዶክተሩ። እነዚያን ቁጥሮች ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። «የዩራኒየም ዘር ነው፤ ከድንጋይ የመጣ ብናኝ» አልኩ።

«የወርቅ ድንጋይ ውስጥ ሞልቷል» አለ። «አባትሽ ማዕድን ቆፋሪ ነበር?»

ያስተማሩኝን ነው የመለስኩት። «አይደለም። እዚሁ ኬፕ፣ ሴሬስ የፖም እርሻ ላይ ነበር የሚሠራው፤ ከአጎቴ ጋር፣ ዘጠኝ ዓመት።»

አንቲ ሜርል «ሴሬስ?» አለች። «እኔ እኮ የሴሬስ ልጅ ነኝ፤ እስካገባ ድረስ ፖም ስለቅም ነው ያደግኩት። የማን እርሻ ላይ?» የእርሻውን ስም ፈለግኩ፤ የለኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ የፖም ለቃሚ ኪስ ቅጠልና የተባይ መድኃኒት ነው የሚሸተው። እንዲህ አይጮህም» አለችኝ።

አጎቴ፣ ጨርቁን የቆረጡት ከአባቴ ጥቁር ኮት የውስጥ ኪስ ነው። «ይሄ ወፍራም ነው፣ አያሳፍርሽም» ሲሉኝ አጠገብዎ ነበርኩ፤ መቀሱ እንቢ ብሎዎት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ እየተግተለተለ መጣብኝ። በየገናው የሚያመጣልን ፖም ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እየላጥኩ ደብተሬ ላይ እለጥፍ ነበር፤ ደብተሩ እዚህ አለ፣ ገልጬ አየሁት። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው የሱቁ አድራሻ ቬልኮም ነው። ቬልኮም ፖም አይበቅልም። ቬልኮም ያለው አፉ በሲሚንቶ የተደፈነ የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች በጎን ቀደው በገመድ እየወረዱ ወራት የሚከርሙበት፣ ሬዲዮው ሌቦች እያለ የሚጠራቸው። «እርሻው ኔትወርክ የለውም» ትሉን የነበረውንም አስታወስኩ። በበጋ ሲመጣ ቆዳው ድስት እንደተደፋበት ቡቃያ ነጥቶ፣ እኛም «የኬፕ ፀሐይ አንተን ታፍራለች እንዴ?» እያልን ስንስቅበት፣ እሱም አብሮን ሲስቅ።

ክሊኒኩንም አስታወስኩ። ነርሷ «ማዕድን ሠርተው ያውቃሉ?» ብላ ስትጠይቀው ብርድ ልብሱን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አባቴ እርስዎን አየ። እርስዎም «እርሻ ነው» አሏት። እሷ ብርድ ነው ብላ ጻፈች፤ ሽሮፕ ሰጠችን፤ በሦስተኛው ወር ቀበርነው።

ተናድጃለሁ፣ አልዋሽዎትም። በአንቲ ሜርል ሹራብ ውስጥ ተሸጉጬ አልቅሻለሁ። ያን ቀን እርስዎን ባገኝዎ ኖሮ ምን እንደምልዎ እግዜር ይወቀው። ለምን እንደወረደ ግን አልጠይቅዎትም። እኔ ትምህርት ቤት የከረምኩባቸውን ዓመታትና እሱ የጠፋባቸውን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ ልክ አንድ ናቸው። «ሆድ ይፍጀው» ያላችሁት ለኔው እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ሆድ የፈጀው አባቴን ነው፣ አጎቴ።

ዶክተር ንጻባ ጨርቁ ራሱ ማንንም አይገድልም ብሎኛል፤ ጨረሩ ጥቂት ነው፣ ከየት እንደመጣ ለመናገር ብቻ ይበቃል። የሚገድለው ሳንባ ውስጥ የሚገባው የድንጋይ ዱቄት ነው። ከዚያ «ዓመቱን ምን ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «ልብስ ላይ» አልኩት። ከጉድጓድ የወጡ ሰዎች ኮት፣ ሸሚዝ፣ ኮፍያ። ነርስ ስትጠይቅ አፉ እንቢ የሚለውን ሰው፣ ልብሱ እንዲናገርለት። እስክሪብቶውን አነሳና ስሜን ጻፈ። ተመርጫለሁ፣ አጎቴ! ሁለተኛው ቺሶሞ ነው። «ሌላው ሰው የሚለካ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ለብሰሽው መጣሽ፤ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» እያለ እስካሁን ይተርበኛል።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። መጀመሪያ ክሊኒኩ ይሂዱ። ነርሷ ያቺኑ ጥያቄ ትጠይቅዎታለች። አጠገብዎ ቆሞ የሚመልስልዎ ሰው አይኖርም፤ ራስዎ ይመልሱ። ፖም የሚባል ነገር ከአፍዎ እንዳይወጣ። ደረትዎን በራጅ ካላነሱኝ አልወጣም ይበሉ፤ ቶሎ የተደረሰበት ሰው የሚረዳው ነገር አለ ይላሉ። ከዚያ ወደኔ ይምጡ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እቀበልዎታለሁ። አንቲ ሜርል ራሷ በሩን ልትከፍትልዎ ቃል ገብታለች፤ «ያ አጎትሽ መቀስ እንዳይዝ ንገሪው» ብላለች። መርፌ ቁልፉን በእጅዎ ይፈቱታል፣ ፀጉሬንም እንደ ወጋችን ይላጩኛል፣ ሐዘኔም ያበቃል።

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። እህትዎ ናት፣ ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው። መርፌ ቁልፉ እስኪፈታ ድረስ ዝም እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ። እንደማደርገው ያውቁኛል።

አምላክ መንገድዎን ያቅናልዎ። እማዬን በእርስዎ ዕድሜ ያጽናናት። ትንፋሽዎን ያርዝምልዎ፣ አጎቴ፤ ሌላ ምርቃት አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ

ይህንንም ያንብቡልኝ፦ ከአባቴ ጋር በአንድ ቀን የገዛችሁትን፣ የእርስዎን ጥቁር ኮት ይዘውልኝ ይምጡ። እንዳያጥቡት። ኪሱንም እንዳያራግፉት። ፌስታል ውስጥ ሲጠቀልሉት አፍና አፍንጫዎን በሻርፕ ይሸፍኑ። አንድ ሰው ቀብሬአለሁ፤ ይበቃኛል።