ለሰንበሌጥ ቁመት የምትሆን ጀልባ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰንበሌጤ፣

ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝና መጀመሪያ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርህ፤ ካንተ ሌላ ለማንም አላወራውም። ባለፈው ሳምንት መጫወቻ መሸጫ ሱቅ ገብቼ፣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ እነዚያን የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ከቅርጫት ስለቅም ሻጯ መጣችና «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ስድስት» አልኳት። «ውይ፣ ደስ የሚል ዕድሜ!» ብላ አንድ የፕላስቲክ በቀቀን በነጻ ጨመረችልኝ። ጡቡን የፈለገችው እናቴ ናት ብዬ እንዴት ልናገር?

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ ወንድም ዓለም? ጤናህስ? ያ ወገብህን ሰንጎ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ ሲበርድ አሁንም ይነሳብሃል? ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አመም ከማድረጉ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ምላሷማ ከመቀሷ ይብስ ስል ነው። ልጄ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልም፣ ምስጋና ለአንተ ይግባህና፣ ሰሞኑን ሥራ አልፈታንም።

ያን ደብዳቤህን ከነፎቶው ካነበብኩላት ጀምሮ የሆነውን ላጫውትህ። የትልቁን መርከብ የሞተር ክፍል ለቅቀህ፣ ጓደኛህ አናጢው በሚሠራት ባለ ሸራ ጀልባ ዕቃ ልታመላልስ ማሰብህን ሰማች። «እማዬ ካልመረቀችኝ ግን እግሬን አላነሳም» ያልከውንም ሰማች። ሰምታ ዝም። ፎቶውን አጣጥፋ ከስፌት መኪናው ሽፋን ሥር ከተተችው። አንተ እማዬን ስትቆጣ እንጂ ዝም ስትል አታውቃትም፤ እኔም ያወቅኳት አሁን ነው፤ ቁጣዋ በስንት ጣዕሙ! አንድ ቀን ብቻ እጅጌ እየተኮሰች፣ «ልጄ የሞተር ሰው ነው፤ ሞተር በሌለበት ምን ሊሠራ ነው? ነፋስ ሊጠግን?» አለች።

ሌላ ቀን ደግሞ ድንገት «የት ነው የሚተኛው?» አለችኝ። ፎቶው ላይ የሚታየው የጀልባዋ የጎድን አጥንት ብቻ ነው፤ ምን ብዬ ልመልስ? አብሮ የመጣውን ንድፍ ብዘረጋላት «ወረቀት ላይ ሰው አይተኛም» ብላ ገፋችው። ከዚያ የልጄን የጡብ ካርቶን ከአልጋ ሥር አስወጣችኝና «እንሥራትና ልያት» አለች። ልጄን በስልክ ባስፈቅዳት ስትስቅ ቆይታ «አያቴ እንዳትጥልብኝ ብቻ» አለችኝ። እንግዲህ የጎደለውን ልሞላ ወጥቼ ነው ያን ቅሌት የሸመትኩት።

መቼም እማዬ እማዬ ናትና እንደ ሰው ከታች ጀምሮ መደርደር የለም። ንድፉን ጋዜጣ ላይ አሳድጋ፣ በሳሙና ቁራጭ አስምራ፣ ልክ እንደ ኮት ቅድ አወጣች። የኮት ጀርባ ሁለት ግማሽ ሆኖ መሐል ላይ እንደሚጋጠመው ሁሉ ጀልባዋም ለሁለት ትሠራ ተባለ፤ አንዱን ጎን እሷ፣ ሌላውን እኔ። ለእኔም ያንኑ ቅድ ደግማ ቆርጣ ሰጠችኝ። ሁለታችንም በየፊናችን ስንለፋ ሰንብተን ልናጋጥም ብንል፣ ሁለቱም ቀኝ ጎን ሆነው ቁጭ! ጨርቅ ቢሆን አንዱን ትገለብጠዋለህ። ጡብ ግን መጋጠሚያ ጉጡ ያለው ከላይ ነው፤ ገልብጠኸው ምን ልትቀጥልበት? ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ቀኝ እጅጌ ቆርጣ የማታውቅ ሴት! ደንግጬ ፊቷን ባየው ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ተቆጣች ስል እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ይሄ የደንበኛ ኮት ቢሆን ኖሮ አገር ጥዬ እጠፋ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

አፍርሰን እንደገና ስንጀምር ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ አማካሪ ሆነ። ጸጉሩን ቀለም መቀባት ጀምሯል ብዬህ ነበር? አሁን ጢሙም ጠቁሯል፤ ቅንድቡ ብቻ ነጭ ቀርቷል፤ እኔ ምን አገባኝ። «ባሕርን ለእኔ ተዉት!» እያለ ሲፎክር ብትሰማው! ባሕር ያየው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ለዚያውም ጭጋግ ነበር። የሆነው ሆኖ ጀልባችን ቆመች። ምሰሶዋ እርሳስ ነው። ሸራዋን እማዬ ከኮት ገበር ሰፍታ፣ ጠርዙን ሁለቴ ቀምቅማ ሰቀለችላት። አየር የሚገባው በመስኮት ብቻ ቢሆንም እውነት የምትሄድ ትመስላለች።

ቀጥሎ ሰው ይግባባት ተባለ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሰውዬ አጭር ነው። «ይሄ ልጄን ያክላል?» ብላ የሌላውን ሰውዬ እግር ነቅላ ቀጠለችለትና፣ ይኸው ሰውዬው አንተን ሰንበሌጤን አከለ። በንድፉ ልክ በሠራነው አልጋ ብታስተኛህ እግርህ በበሩ ወጣ። ሾፌሩ «ጉልበቱን አጠፍ ያድርጋ፣ እትዬ» ቢላት፣ «የራስህን እጠፍ! ልጄ ሲለፋ ውሎ እንደ ልብስ ታጥፎ ይደር?» ብላ አፉን አስያዘችው። ወዲያው ግድግዳውን አፍርሳ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ቀንሳ አልጋህን አስረዘመችው።

ከዚያ ዳር ላይ አቆመችህ። የጀልባዋ የዳር አጥር ጉልበትህን ቢያክል ነው። በጣቷ ነካ ብታደርግህ ተገልብጠህ ጠረጴዛው ላይ ወደቅክ። እማዬ አነሳችህና በመዳፏ ጨበጠችህ። የሞተሩም የነፋሱም ነገር ሰበብ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ሴትዮዋ የፈራችው ይህችን፣ ባሕር ውስጥ መውደቅህን ብቻ ነው። ቆይታ በአጥሩ ላይ ጡብ ደራርባ እስከ ወገብህ አደረሰችው፤ አቆመችህ፤ ደግማ ነካችህ። አልወደቅክም። ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ ገፋችህ። አሁንም አልወደቅክም።

«እንዲህ ከሆነች ይሂድ» አለች።

«ምርቃቱንስ ልጻፍለት?» ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምርቃት በፖስታ አይላክም። አናጢው አልጋውንና አጥሩን ያስተካክል፤ ከዚያ ይምጣና ፊቴ ጎንበስ ይበል።» ስለዚህ ወንድሜ፣ ነገሩ አሁን በእጅህ ነው። የጀልባችንን ፎቶ በየጎኑ አንስቼ ልኬልሃለሁ፤ አናጢው ጎኗን በሳንቃ ሳይመታው በፊት አሳየው። ብቻ በዘዴ ይሁን፤ አናጢ በልብስ ሰፊ ሲታረም ደስ አይለውም። ቁመትህንም በደንብ ተለክተህ ላክልኝ። የድሮውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ «ከሄደ ወዲህ ጨምሮ እንደሆነስ?» ብላኝ ነው። «ሠላሳ ያለፈው ሰው ከየት አምጥቶ ይጨምራል?» ብላት፣ «አንቺ ዝም በይ፤ የምሰፋለት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ለጓደኛህ ለአናጢው፣ ለባለቤቱ፣ ለአከራይህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ሾፌሩም ሰላም ብሎሃል፤ ማዕበል ከመጣ ፍሬን ይያዝ ብሏል። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች።

የአናጢውን መልስ ሳነብላት ፊቷ ምን እንደመሰለ በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ። እሺ ካለ ሳቋን፤ እምቢ ካለም መዶሻ ይዛ ልትመጣ ስትነሳ በየት በኩል እንደያዝኳት።

እትዬህ፣
ከእማዬ የስፌት ክፍል፣
እሑድ፣ የካቲት 15 ቀን