ድንጋዩ ምን ይላል?

ጥር 4
ጥፋተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። አሁን መጻፍ ስለቻልኩ ይጻፍልኝ። አባታችን "የማስተምረው አንዳችሁን ነው" ሲል፣ "እሷ ጭንቅላት የላትም፣ ውሃ ትቅዳ" ያለችው እሷ ናት። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሷ አሥር። እሷ ተምራ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች፣ በጡረታ ወጣች። እኔ በስልሳ አንድ ዓመቴ "ሀ" አልኩ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ።
ዛሬ አንሶላ ሳጥብ ልጇ ደወለች። "አክስቴ፣ አንቺንና እማዬን አሮጌውን ከተማ ላስጎበኛችሁ ነው። ትኬቱ ተቆርጧል።"
ከእሷ ጋር? ሦስት ቀን?... እሺ አልኩ። ከተማውን አይቼው አላውቅማ።

ጥር 9
ደረስን፣ እኔና እሷ ብቻ፤ ልጇን ሥራ ይዟት ቀረች። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። የመስኮቱን አልጋ እሷ ያዘች። ምን ይገርማል?

ጥር 10
የእግር ጉብኝት። አሥራ ሁለት ሰው ነን። አስጎብኚው ቦርጫም ነው፤ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ያወራል። አንዴም አልወደቀም። "እናቶቼ፣ ጃንጥላዬን ተከተሉ! እሷ ከጠፋች እኔም ጠፍቻለሁ!"
እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። የማታ ትምህርት መምህራችን "ያያችሁትን ጽሑፍ ሳታነቡ አትለፉ" ብሎናል። የልብስ ሰፊውን አነበብኩ፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ "መለጠፍ ክልክል ነው" የሚለውን።
"እማማ፣ ግንቡ አምስት መቶ ዓመቱ ነው። ማስታወቂያው እኮ የትናንት ነው!" አለኝ አስጎብኚው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ትልቁ በር ላይ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። እህቴ እንደ ድሮው ቀደመችኝ። "ይህ በር ነገሥታት ብቻ የሚያልፉበት ነበር ይላል።" ሃምሳ ዓመት ያነበበችልኝ እንዲህ ነው። ደብዳቤውን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት... ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ አላስነበብኳትም። በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። "በዚህ በር ጨው ይገባ ነበር።" ንጉሥ የሚባል የለም። ደገምኩት። ጨው።
ዋሸችኝ! ስንቱን ደብዳቤ እንዲህ አንብባልኝ ይሆን? ቆይ፣ ሰው ፊት ነው የማዋርዳት።
አደባባዩ ላይ አንድ ሰሌዳ አገኘሁ። "መጸዳጃ ቤት በስተግራ።" ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅሁ። "እትዬ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።"
ጉሮሮዋን ጠረገች። "ይህ ቤት የታላቁ ዳኛ መኖሪያ ነበር ይላል።"
አንዷ መነጽራም "ዳኛው ቁጭ ብሎ ነዋ የሚፈርደው!" አለች። ሁሉም ተንከተከቱ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ሳቅ...
እህቴ አብራ ለመሳቅ ሞከረች። ከዚያ እጇ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ፊደሎቹን ትዳስሳለች። በጠራራ ፀሐይ።
"ጥፋቱ የእኔ ነው! ያሳየኋት ከጎኑ ያለውን ቤት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከጎኑ ያለው ጫማ ቤት ነው። ደግነቱ ማንም ዞሮ አላየም። ክንዷን ያዝኩ። "ደረጃ" አልኳት። ረገጠችው። "ሌላ ደረጃ።" ረገጠችው። እስከ መጨረሻው እንደዚህ ሄድን።

ጥር 10፣ ከሰዓት
ክፍላችን ገብተን ጠየቅኋት።
"ዓይንሽ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ሁለት ዓመት ሆነኝ። አይመለስም ብለውኛል። ሳይጨልምብኝ ይቺን ከተማ ልያት ብዬ ልጄን የለመንኳት እኔ ነኝ። አንቺም እንድትመጪ።"
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"'እሰይ' እንድትዪኝ?"
እል ነበራ። መስኮቱንም የያዘችው ለብርሃኑ ነው ለካ።
"የድሮዎቹን ደብዳቤዎችስ?"
"አንድም አልዋሸሁሽም። ባልሽ አንዳንዴ የሚሳደበውን ብቻ ዘልዬዋለሁ።"
"ምን ይል ነበር?"
"ሰውየው ሞቷል፣ ተይው።"
ሳቅሁ። ከእሷ ጋር ስስቅ መቼ ነበር?

ጥር 11
ዛሬ አንባቢዋ እኔ ነኝ።
"ቶሎ በይ እንጂ! ቀንድ አውጣ ትቀድምሻለች" ትለኛለች።
"ጭንቅላት የለኝማ።"
ይቺን ስትሰማ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።
ግንቡ ሥር ስንደርስ "ምን ይመስላል?" አለችኝ። ምን ልበል? ያን ጊዜ ነው ከፊደል ላይ ቀና ብዬ ያየሁት። ሲያዩት አንገት ያማል። ቢጫ ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ ሣር በቅሎበታል፣ እርግቦች ሰፍረውበታል። አንድ በአንድ ነገርኳት።
ከግንቡ ጀርባ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ አለ። አፉ ላይ፣ "የከተማው ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት" ይላል። አነበብኩላት። ከዚያ ቀጠልኩ። "ታናሿን ውሃ ትቅዳ ብላ ከትምህርት ያስቀረች ታላቅ እህት፣ እዚህ ቆማ ይቅርታ ትጠይቅ።"
"ድንጋዩ ላይ?"
"ድንጋዩ ላይ።"
"በትክክል አነበብሽው?"
"አንድ ፊደል አልዘለልኩም።"
ዳሰሰችው። ቆይታ ዳሰሰችው። ጽሑፉ አንድ መስመር እንደሆነ በጣቷ ሳታውቀው ትቀራለች?
"እንግዲህ ድንጋይ ካለ..." አለች። "ይቅር በይኝ። ፈርቼ ነው። በቃሌ የማጠናውን ሁሉ አንቺ ቆመሽ ሰምተሽ ትይዥው ነበር። አባዬ ይህን ካወቀ አንቺን ይልካል ብዬ ነው።"
ነጠላዋን አስተካከልኩላት።
"እናቶቼ! ጠፋችሁ እኮ!" ቀዩ ጃንጥላ ከሩቅ ይወዛወዛል።
"አልጠፋንም! እያነበብን ነው!" ብላ ጮኸች እህቴ።

ጥር 15
ቤቴ ነኝ። ልብስ ታጥቧል። ቅዳሜ እሷ ጋ እሄዳለሁ፣ ጋዜጣ ላነብላት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ትታገስ።
ጎረቤቴ ዛሬ መጥታ፣ "ያቺ ጠላትሽስ እንዴት ሰነበተች?" አለችኝ። ያን ታሪክ እንድጀምርላት ነው። ሠርግ ላይ ነግሬያታለሁ፣ ለቅሶ ላይ ነግሬያታለሁ፣ በቃሏ ታውቀዋለች።
"ደህና ናት" አልኳት። ሌላ ነገር ስትጠብቅ ቆይታ ሄደች።
አልረሳሁም። ግን "ጭንቅላት የላትም ብላኝ" እያልኩ ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም።