ቀላሉን ሽጉጥ ላከበደልን የመሣሪያ ኮሚቴ

ለክቡር ጡረተኛ ጄኔራል ሙንዚር ኸጣብ
የተኩስ ክለባችን የመሣሪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
እስክንድርያ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የባሕሩ እርጥበት ጉልበትዎን እንዳይጎዳው፣ የቢሮዎ ማራገቢያ በሙቀት ቀን እንዳይቆምብዎ፣ ከምሳ በኋላ የሚያርፉባት ሶፋም ምቾቷ እንዳይጓደል አላህን እለምናለሁ። እኔም በእርስዎ ጸሎትና በኮሚቴዎ ትጋት፣ ከዚህ በታች የማቀርበውን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነኝ።

ኢቲማድ ሸርኑቢ እባላለሁ። ለክቡርነትዎ እንግዳ አይደለሁም። ከወንበርዎ ጀርባ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ ዋንጫውን ታቅፈው የሚታዩት እርስዎ ሲሆኑ፣ በግራ በኩል ግማሽ ትከሻዋ ብቻ የቀረው ሴት እኔ ነኝ። ዋንጫውን ተኩሼ ያመጣሁትም እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምጠቅሰው ለመመካት ሳይሆን ፎቶግራፉ ስለተቆረጠ ትከሻው የማን እንደሆነ ግራ እንዳይገባዎ ብዬ ነው። መተዳደሪያዬ በስሙሃ ሰፈር መኪና መንዳት ማስተማር ነው።

ባለፈው ሳምንት በክለቡ በር ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ አካሉ ከፖሊመር፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ የተሠራው የውድድር ሽጉጥ ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ ለሴቶች ቡድናችን እንደማይበጅ መወሰኑን ገልጸው፣ በጉዳዩ ላይ አስተያየት ያለን ተኳሾች በጽሑፍ እንድናቀርብ ጋብዘውናል። ከወሰኑ በኋላ አስተያየት መጠየቅዎ የትሕትናዎን ጥልቀት ስለሚያሳይ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው በማገልገላቸውም ደስ ብሎኛል፤ ይህኛው ግን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ከማስታወቂያዎ አጠገብ ተለጥፏል። እነሆ የእኔ ምዘና።

አንደኛ፣ ስለ ብረቱ ሽጉጥ። ክቡርነትዎ የሚወዱት የክለባችን የብረት ሽጉጥ ግሩም መሣሪያ እንደሆነ አልክድም። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ከሩብ ያልፋል፤ ስለዚህም ሲተኮስ እጅ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፤ አፈሙዙ ብዙ አይዘልም፤ ቃታውም ጥርት ብሎ ይለቃል። ዋንጫውን ያገኘሁት በእሱ ነው። ነገር ግን ባለፈው የብርድ ወራት አንድ የተከበሩ የጥርስ ሐኪም፣ ተማሪዬ ናቸው፣ ፍሬን የያዙ መስሏቸው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠው መኪናዬን ከነእኔ የሸንኮራ ጭማቂ ቤት ውስጥ አስገቧት። እሳቸው ፀጉራቸው እንኳ አልተነካም። አቧራው ሳይበርድ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኡስታዛ፣ ታዲያ ፍሬኑ የትኛው ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ቀኝ እጄን ተመርኩዤ ስለነበር አንጓዬ ተሰበረ።

ጄሶው ከተፈታልኝ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለስኩ። ሽጉጡን አንስቼ እጄን ስዘረጋ ኢላማው ላይ የነበረው አፈሙዝ ሳላስበው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወደ አሸዋው ይወርድ ጀመር። ሐኪሜ አጥንቱ ቢጋጠምም ከባድ ነገር ዘርግቼ መያዝ እንደሌለብኝ ነገሩኝ። «ሽጉጥስ?» ብላቸው፣ «ቀላል ከሆነ፣ እሱም በልክ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን ለኮሚቴዎ መንገር አስፈላጊ ባይሆንም፣ በምዘናው ውስጥ የሚገባበት ዓምድ ካለ ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፖሊመሩ ጥቅም። በወዳጅነት ውድድር ከቱኒስ የመጣችው ረውዳ የምትባል ተኳሽ እጄን ስትመለከት ቆይታ የራሷን ሽጉጥ ዘረጋችልኝ። «እስቲ በዚህ ሞክሪው እህቴ፤ ካላማረሽ ስደቢኝ» አለችኝ። ከላይ የሚንሸራተተው ስላይዱና በርሜሉ ብረት ነው፤ የቀረው አካሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እጀታው ላይ ከጀርባው የሚቀያየር ቁራጭ ስላለው ለትንሽ እጅ ይጠባል፤ ለትልቅ እጅ ይሰፋል። በእኛ ጨዋማ አየር አይዝግም። በዚያ ቀን አፈሙዙ ዝቅ ሳይልብኝ ተኮስኩ። የክለቡን መሣሪያዎች የሚጠግኑት፣ ሁላችንም «አጎቴ በዩሚ» የምንላቸው ሽማግሌ ኢላማዬን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የት ጠፍተሽ ነበር?» አሉኝ። ከአደጋው ወዲህ ሰው ፊት የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉዳቱ፤ ምክንያቱም ያለ አድልዎ መመዘን ከእርስዎ የተማርኩት ነው። ቀላል ስለሆነ ሲተኮስ አፈሙዙ ከብረቱ የበለጠ ይዘላል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥይት ለመተኮስ ትንሽ ይዘገያል። ቃታውም እንደ ብረቱ ጥርት አይልም፤ ላላ ያለ ነው፤ ጣት እስኪለምደው ድረስ ያናድዳል። እነዚህ እውነተኛ ጉዳቶች ናቸው። መድኃኒታቸው ልምምድ ነው፤ ለመለማመድ ደግሞ ሽጉጡ ተኳሿ እጅ ላይ መሆን አለበት። ይህን ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ። ክቡርነትዎ ያመጣሁትን የሽጉጡን ፎቶ አይተው፣ «ኢቲማድ ልጄ፣ ይሄማ በዒድ ቀን የልጅ ልጆቼ ውኃ የሚረጫጩበት ነው» ብለው ሳቁ፤ የኮሚቴው አባላትም እርስዎ እስኪጨርሱ ጠብቀው ሳቁ። «ፓሻ፣ እጄ ተጎድቷል» ስልዎት፣ «ማዕሌሽ፣ ምንም አይደል፤ ጀግና ሴት እጅ አያማትም» አሉኝ። ስለ ምርቃትዎ አመሰግናለሁ፤ አንጓዬ ግን ስላልሰማችዎ መታመሟን ቀጠለች።

አራተኛ፣ ስለ ጥናቱ። ሽጉጡ ከብዙ ልመና በኋላ ተገዝቶ ሲመጣ እርስዎ ቢሮ ገባ፤ እዚያም ለጥናት ተብሎ ከረመ። የመጣ እንግዳ ሁሉ እያነሳ ይመዝነው፣ ወደ መስኮቱ ያነጣጥረውና «ፕላስቲክ ነው» እያለ ይመልሰው እንደነበር ከደጅ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ በባዶ እጄ ግድግዳ ላይ ባለ ነጥብ እያነጣጠርኩ እለማመድ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ተኳሾች የሚመረጡበት ውድድር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ኮሚቴው አፈሙዙ መዝለሉን ትልቅ ጉዳት አድርጎ መዝግቦ መፍትሔውን በራሱ አገኘ። አጎቴ በዩሚ ጠርተውኝ ሄድኩ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከእጀታው ሥር ነሐስ ገብቶበታል፤ ከበርሜሉ በታችም ሌላ የነሐስ ቁራጭ ታስሮበታል። ባነሳው የድሮው ብረት መስሎ ከበደኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ትእዛዝ ነው» አሉኝ፤ ዓይኔን አላዩም።

«እንዲከብድ እኮ አይደለም ያመጣነው፤ እንዲቀልልኝ ነው።»

«እኔ አልነገርኳቸውም? ነገርኳቸው። ፓሻው ‘ሽጉጥ ማለት ሲይዙት ሽጉጥ መሆኑ የሚታወቅ ነው’ አሉ። እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ኢቲማድ? የጡረታ ዓመቴን እየጠበቅሁ ያለሁ ሰው ነኝ።»

«ይፍቱልኝ፤ እኔ ፈታሁት እላለሁ።»

«ከውድድሩ በፊት ይፈትሹታል። ነሐሱ ከሌለ አንቺም አትገቢም፤ እኔም እወጣለሁ።»

በአጎቴ በዩሚ አልፈርድም። በሰላሙ ጊዜ ሁሉ ደጋፊዬ ነበሩ። እርስዎን ግን እንዳመሰግንዎ ይፍቀዱልኝ። ከባድ ሽጉጥ ከብዶኝ ቀላል ብለምንዎ፣ ቀላሉን አምጥተው አከበዱልኝ፤ እንዲህ ያለ መፍትሔ ከማንም ሌላ አእምሮ ሊፈልቅ አይችልም።

አምስተኛ፣ ስለ ውድድሩ። በረሃው ዳር ባለው ሜዳ የኸምሲን ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትን ነበር። ሌላ ዕድል ስላልነበረኝ ገባሁ። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየሄደ ነው፤ ከዚህ በኋላ ለእኔ ብሎ የሚዘጋጅ ምርጫ እንደማይኖር እርስዎም እኔም እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹን ኢላማዎች ደህና መታሁ። ከአንዱ መከለያ ወደ ሌላው እየሮጥኩ ወደ ግራ ዞሬ እጄን ስዘረጋ ግን አንጓዬ ውስጥ አንድ ነገር ተላቀቀ፤ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ጠፋኝ። ሽጉጡ ከእጄ ወጥቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። ዳኛው ተኩስ እንድናቆም ጮኸ። በውድድር መካከል ሽጉጥ የጣለ ተኳሽ ወዲያው ይባረራል፤ ሕጉ ትክክል ነው፤ የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሕግ ነው። ዳኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ጥይቱን አራገፈ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ። «አዝናለሁ እህቴ፤ ሌላ ማድረግ አልችልም» አለኝ። «ልክ ነህ» አልኩት። እጄን በሻርፔ አስሬ ወጣሁ።

ክቡርነትዎ በጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። በፊትዎ ሳልፍ ለአጠገብዎ ሰው፣ «ብዬ ነበር፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ነሐሱን ሳይረሱት አልቀሩም፤ የሥራ ብዛት ያስረሳል።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ይህም ልመና ነው። ማስታወቂያዎ ሽጉጡ መጋዘን እንዲገባና የሴቶች ቡድን «ተስማሚ መሣሪያ እስኪገኝ» እንዲዘጋ ይላል። በቡድኑ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማሓሲን የምትባል ልጅ እንዳለች ምናልባት ሳይነግሩዎ አልቀሩም። በአንፉሺ የዓሣ ገበያ ከወንድሞቿ ጋር ዓሣ እየመዘነች ትሠራለች። እጇ ትንሽ ነው፤ የብረቱን ሽጉጥ እጀታ ጣቶቿ ዞረው አይይዙትም። እኔ ከአደጋው በፊት እመታ የነበረውን ያህል እሷ ገና ሳትለምድ ትመታለች። ሁለተኛው የምርጫ ዙር በሚቀጥለው ወር ነው። በቀደም ቤቴ መጥታ፣ «እትዬ ኢቲማድ፣ ቡድኑ ከተዘጋ ወንድሞቼ ‘በቃሽ፣ ወደ ሚዛንሽ ተመለሺ’ ይሉኛል፤ ሁለተኛ አይለቁኝም» አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በቀልድ ጽፌልዎታለሁ፤ ካልቀለድኩ መጻፍ ስለማልችል ነው። አሁን ግን ሳልቀልድ እለምንዎታለሁ። ሁለት ብሎን ነው የሚፈታው። ነሐሱን አውልቀው ሽጉጡን እንደተሠራ ለማሓሲን ይስጧት። ካልተሳካላት እኔ ራሴ ክለቡ በር ላይ ቆሜ ጄኔራሉ ልክ ነበሩ እላለሁ። የእኔን ስም ከዝርዝሩ ይሰርዙት፤ ፎቶግራፉንም ከፈለጉ ትከሻዬ እስኪጠፋ ድረስ እንደገና ይቁረጡት። እሷን ብቻ ይተውልኝ።

የኮሚቴዎን ጥበብ እያደነቅሁ፣ የወንበርዎን ዕድሜ ያርዝምልን እያልኩ፣ ለምዘናዎ ጽናት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

የቀድሞዋ ተኳሽዎ
ኢቲማድ ሸርኑቢ

ማሳሰቢያ፦ የኮሚቴዎ ባለሙያ የወደቀውን ሽጉጥ መርምሮ አንድ ጭረት እንኳ እንዳላገኘበት ማስታወቂያው ላይ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ይህ ከጥቅሞቹ ተርታ ይጻፍልኝ፤ ሲወድቅ አይሰበርም። ስለ እኔ አንጓ የጠየቀኝ ስላልነበረ ግን ራሴ ላሳውቅዎ፤ በድሮው ስብራት ላይ እንደገና መሰበሩን ራጁ አሳይቷል፤ ሐኪሜም ከእንግዲህ ሽጉጥ ቀርቶ የመኪና መሪ እንዳልይዝ ነግረውኛል። ይህን የጻፍኩት በግራ እጄ ነው፤ ፊደሎቼ ስለተንጋደዱ ክቡርነትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።